ማኅበር ከውስጡ ሲታደስ፤ የኒው ዮርክ ፖስተኞች ታሪክ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር፤ ሙሉ ቃሉ)




ለዛሬው ምሽት የተመረጠው ርእስ «ማኅበርና የአባሎቹ ኃላፊነት» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ነው፤ በሰፊ ርእስ ላይ በሰፊው የሚናገር ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም ሳይናገር ከመድረክ ይወርዳል። ስለዚህ ነገሩን አጥብቤ ስለ አንድ ማኅበር፣ ከማኅበሩም ስለ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ልናገር አስባለሁ። ቅርንጫፉ የኒው ዮርክ ደብዳቤ አዳዮች፣ ማለት የፖስተኞች ማኅበር 36ኛ ቅርንጫፍ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

«የራሳችን ስንትና ስንት ጉዳይ ተከምሮ ሳለ የኒው ዮርክ ፖስተኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም ይህ ነው፤ ስለ ራሳችን ማኅበር ስንነጋገር ወዲያውኑ የምናነሣው የሰዎችን ስም ነው። እገሌ ሰነፍ ነው፣ እገሌ ታማኝ ነው እንላለን። ስለ ሩቅ ሰዎች ስንነጋገር ግን ስሙ ስለማያሞቀን አሠራሩን ለመመርመር ፋታ እናገኛለን። አሠራሩን ከመረመርን በኋላ ወደ ቤታችን ለመመለስ መንገዱ አጭር ነው።

በመጀመሪያ ፖስተኛ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። በእኛ አገር ደብዳቤ የሚጠብቅ ሰው ወደ ፖስታ ቤት ሄዶ ሣጥኑን ይከፍታል። በአሜሪካ ግን ደብዳቤው ራሱ ወደ ቤት ይመጣል። ፖስተኛው በማለዳ ገብቶ የሠፈሩን ደብዳቤ በየመንገዱና በየቤቱ ቍጥር ተራ ለብቻው ይለያል፤ ከዚያ በኋላ ከረጢቱን ተሸክሞ፣ ዝናብም ሆነ በረዶ፣ ከደጃፍ ደጃፍ እየዞረ ያድላል። በኒው ዮርክ ደግሞ ደጃፍ ማለት ፎቅ ማለት ነው። ይህንን ሥራ አንድ ሰው ሃያና ሠላሳ ዓመት ይሠራዋል። የሠፈሩን ሽማግሌና ሕፃን በስም ያውቃል።

ታዲያ ይህ ሰው በ1970 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የዓመት ደመወዙ 6,176 ዶላር ነበር። ወደ መጨረሻው እርከን፣ ማለት ወደ 8,442 ዶላር ለመድረስ 21 ዓመት ማገልገል ነበረበት። ኒው ዮርክን በመሰለ የኑሮ ውድ ከተማ ይህ ገንዘብ ቤተሰብ አያስተዳድርም። ከፖስተኞቹ አንዳንዶቹ ገቢያቸው ከማነሱ የተነሣ መንግሥት ለድኾች የሚሰጠውን ድጎማ ለመቀበል የሚበቁ ነበሩ። እንግዲህ አስቡት፤ የችግረኛውን የድጎማ ቼክ ከቤት ቤት የሚያድለው ሰው፣ ራሱ ለድጎማው ሠልፍ ይቆማል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረታችን ለእነዚህ ሰዎች የተተረተ ይመስላል።

ደመወዙን የሚወስነው ማን ነበር? አሠሪና ሠራተኛ ተቀምጠው ተነጋግረው አልነበረም። ፖስታ ቤቱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለነበረ ደመወዝ የሚጨምረውም የሚከለክለውም የአገሪቱ ምክር ቤት ነበር። ስለዚህ የማኅበሩ ሥራ በአብዛኛው በዋሽንግተን የምክር ቤት አባሎችን ደጅ መጥናት ነበር። ሠራተኞቹ ራሳቸው ይህንን አሠራር የጋራ ድርድር ሳይሆን የጋራ ልመና እያሉ ያፌዙበት ነበር። ምክር ቤቱም በ1969 ዓ.ም. የራሱን አባሎች ደመወዝ ከ30,000 ወደ 42,500 ዶላር ከፍ አደረገ፤ ይህ 41 ከመቶ ያህል ነው። በተከታዩ ዓመት በማርች ወር ለፖስታ ሠራተኞች ታስቦ ከምክር ቤቱ ኮሚቴ የወጣው ጭማሪ 5.4 ከመቶ ነበር።

አሁን ወደ ማኅበሩ ልምጣ። የአሜሪካ ፖስተኞች ብሔራዊ ማኅበር የተመሠረተው በ1889 ዓ.ም. በሚልዋኪ ከተማ ነው። በየከተማው ቅርንጫፍ አለው፤ ቅርንጫፎቹም በቍጥር ይጠራሉ። 36ኛው የማንሃተንና የብሮንክስ ነው። በጃንዋሪ 1962 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ባወጡት ትእዛዝ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በማኅበር የመወከል መብት በይፋ ታወቀላቸው። ነገር ግን በደመወዝ ላይ መደራደር አልተፈቀደላቸውም፤ ሥራ ማቆምም ወንጀል እንደሆነ ቀረ። ሥራ ያቆመ የመንግሥት ሠራተኛ ከሥራው ከመባረሩም በላይ እስከ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን እሥራትና እስከ 1,000 ዶላር መቀጫ ያገኘው ነበር።

ከማኅበሩ የቀድሞ ታሪክ አንድ ጕድፍ ሳልጠቅስ ባልፍ እውነተኛ አልሆንም። በደቡብ ግዛቶች በአንድ ከተማ ለነጮች አንድ ቅርንጫፍ፣ ለጥቍሮች ሌላ ቅርንጫፍ የሚቋቋምበት ዘመን ነበር። ይህ ልዩነት የተሻረው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ይህን የማነሣው ማኅበር መባል ብቻውን ከግፍ እንደማያነጻ ለማስታወስ ነው። ማኅበር መሣሪያ ነው፤ መሣሪያ ደግሞ እንደ ያዡ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ሰዎች ደመወዛቸው እንዳነሰ ካወቁ፣ ማኅበርም ካላቸው፣ ለምን ለብዙ ዓመታት ዝም አሉ? መልሱ ማኅበሩ አሠራሩ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች የሚያይ ስላልነበረ ነው። የብሔራዊው ማኅበር መሪዎች የሚመረጡት ከየቅርንጫፉ በሚላኩ መልእክተኞች ጉባኤ ነበር። ሩቅና ትንሽ የሆነው ቅርንጫፍ መልእክተኛ የሚልክበት ገንዘብ ስለማይኖረው ድምፁን በውክልና ለሌላ ሰው ይሰጣል። ውክልናውን የሚሰበስበውም ብዙውን ጊዜ በሥልጣን ላይ ያለው ወገን ነው። ስለዚህ በከረጢቱ ተጎብጦ የሚውለው ተራ አባል ለመሪው ሳይታወቅ፣ መሪውም ለተራው አባል ሳይመልስ ዓመታት ያልፋሉ። መሪው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ማን እንደሾመው ስለሚያውቅና ፊቱን ወደ ሾመው ስለሚያዞር ነው።

በዚህ ላይ የአባሉ ዝምታ ይጨመራል። የወር መዋጮውን እየከፈለ ስብሰባ የማይመጣ አባል፣ ማኅበሩን እንደ ዕድር ይቈጥረዋል። ችግር ሲመጣ ይደርስልኛል ብሎ ያስባል። ነገር ግን ዕድር እንኳ ስሙ ሲጠራ ያልተገኘውን ይቀጣል! ያልተገኘን ሰው የማይጠይቅ ማኅበር፣ የተገኙት ጥቂቶች ርስት ሆኖ ይቀራል።

የ36ኛው ቅርንጫፍ እንቅልፍ መነቃነቅ የጀመረው በ1969 ዓ.ም. ጁላይ 1 ቀን ነው። በዚያን ዕለት በብሮንክስ ኪንግስብሪጅ በሚባለው ሠፈር ጣቢያ የሚሠሩ ብዙ ፖስተኞች አመመን ብለው ከሥራ ቀሩ። በሌላ የብሮንክስ ጣቢያ የሚሠሩም እንዲሁ አደረጉ። በሽታቸው ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ የተሰጣቸው የደመወዝ ጭማሪ ትንሽነት ነበር። መሥሪያ ቤቱ ያለ ደመወዝ ከሥራ አገዳቸው።

በዚህ ጊዜ በቅርንጫፉ ስብሰባ ላይ አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ተነሣ፤ ለታገዱት ወንድሞቻችን የቀረባቸውን ደመወዝ ማኅበሩ ይክፈላቸው ወይስ አይክፈላቸው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ማኅበሩ የማን ነው የሚለውን ጥያቄ በሆዱ ይዟል። የማኅበሩ ገንዘብ የተጠራቀመው ለምንድን ነው? በአባሎች ስም ደፍሮ የተጎዳውን ሰው የማይረዳ ካዝና ለማን ይቈለፋል? ከዚያ በፊት በስብሰባ የማይታዩ ወጣት ፖስተኞች በዚህ ጉዳይ ምክንያት ወደ አዳራሹ መምጣት ጀመሩ። ከመጡም በኋላ መናገርን፣ ሐሳብ ማቅረብን፣ ድምፅ እንዲቈጠር መጠየቅን ተማሩ። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ በግራንድ ሴንትራል ጣቢያ ደብዳቤ ሲያድሉ የኖሩት ሚስተር ቪንሰንት ሶምብሮቶ ነበሩ። ሹመት አልነበራቸውም፤ ተራ አባል ነበሩ።

በማርች 1970 ዓ.ም. የ5.4 ከመቶው ነገር በተሰማ ጊዜ የቅርንጫፉ አባሎች ከእንግዲህ ልመናው ይብቃ ብለው በሥራ ማቆም ላይ ድምፅ እንዲሰጥ ግድ አሉ። የቅርንጫፉ ፕሬዚዳንት ሚስተር ጋስ ጆንሰን ነበሩ። ድምፁ የተሰጠው ማርች 17 ቀን ማታ በማንሃተን ሴንተር አዳራሽ ነው። በጩኸት ወይም እጅ በማውጣት አልነበረም፤ እያንዳንዱ ሰው በወረቀት ነው። ውጤቱም ሥራ እናቁም ያሉ 1,555፣ አናቁም ያሉ 1,055 ሆነ።

ይህንን ቍጥር እባካችሁ ልብ በሉት። ልዩነቱ 500 ሰው ነው። እሺ ያለው ሁሉ አንድ ልብ ነበረ ማለት አይደለም፤ እንቢ ያለውም ፈሪ ነበር ማለት አይደለም። እሥራት የሚያስከትል ነገር ነውና ማሰላሰል ይገባል። ነገር ግን ቈጠራው በሁሉ ፊት ስለተደረገ፣ የተሸነፉት 1,055 ሰዎችም የማኅበራቸውን ውሳኔ ውሳኔያችን ነው ለማለት ቻሉ። ድምፁ በጭብጨባ ተወስኖ ቢሆን ኖሮ በማግሥቱ ጥዋት ስንቱ ወደ ሥራው ይገባ እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

እኩለ ሌሊት እንዳለፈ፣ ማለት ማርች 18 ቀን (በእኛ መጋቢት 9 ቀን 1962 ዓ.ም.)፣ ፖስተኞቹ በግራንድ ሴንትራል ፖስታ ቤት በር ላይ ተሠለፉ። ደብዳቤ የሚለዩት ጸሓፊዎች የሌላ ማኅበር አባሎች ነበሩ፤ ሆኖም የወንድሞቻችንን ሠልፍ ረግጠን አናልፍም ብለው ከደጅ ቀሩ። ፍርድ ቤት ወደ ሥራ ተመለሱ የሚል ትእዛዝ ሰጠ፤ አልተመለሱም። አድማው ከኒው ዮርክ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ፤ ወደ 200,000 የሚጠጉ ሠራተኞችም ተካፈሉበት ይባላል። የባንክ ሰነድ፣ የንግድ ሒሳብ፣ የጦር ጥሪ ወረቀት ሁሉ በየጣቢያው ተከመረ። ማርች 23 ቀን ፕሬዚዳንት ኒክሰን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁና ወታደሮች ወደ ኒው ዮርክ ፖስታ ቤቶች ገብተው ደብዳቤ እንዲለዩ አዘዙ። ወታደሩ ጠመንጃ መፍታትና መግጠም ያውቃል፤ የኒው ዮርክን መንገድና ቤት ቍጥር ተራ ግን ከየት ይምጣለት? ሥራው አልሆነለትም። በስምንተኛው ቀን፣ ማርች 25፣ ድርድር እንደሚደረግ ተስፋ ተሰጥቶ ፖስተኞቹ ተመለሱ። በአድማው ምክንያት ከሥራ የተባረረ ሰው አልነበረም። ይህ ሁልጊዜ የሚገኝ ዕድል አይደለም። በ1981 ዓ.ም. በዚያው አገር ሥራ ያቆሙት የአውሮፕላን በረራ ተቈጣጣሪዎች ከ11,000 በላይ ሆነው ተባርረዋል።

በዚያው ዓመት ኦገስት 12 ቀን አዲሱ የፖስታ ሕግ ተፈረመ። በሕጉና ከእርሱ በፊት በተደረገው ስምምነት ሠራተኞቹ በመጀመሪያ 6፣ ቀጥሎም 8 ከመቶ ጭማሪ አገኙ። ወደ መጨረሻው እርከን ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ከ21 ዓመት ወደ 8 ዓመት ወረደ። በደመወዝ ላይ የመደራደር መብት ተሰጣቸው። ሥራ የማቆም መብት ግን እስከ ዛሬ አልተሰጣቸውም፤ ድርድሩ ሳይስማማ ሲቀር ጉዳዩ ወደ ገላጋይ ዳኛ ይሄዳል፤ ዳኛው የሚሰጠውም ውሳኔ የጸና ነው።

ብዙ ሰው ይህንን ታሪክ ሲተርክ እዚህ ላይ ያቆማል። አድማው፣ ወታደሩ፣ ጭማሪው፣ ከዚያ በኋላ ድል! እኔ ግን ከዚህ በኋላ ያለውን ይበልጥ ጠቃሚ ሆኖ አገኘዋለሁ። ምክንያቱም ስምንት ቀን መቈጣት ቀላል ነው። ስምንት ዓመት በስብሰባ መቀመጥ ግን ከባድ ነው።

ፖስተኞቹ የተረዱት ነገር ይህ ነው፤ አድማው ያለ ብሔራዊው ማኅበር ፈቃድ የተደረገ ነበር። የብሔራዊው ፕሬዚዳንት ሚስተር ጄምስ ራድማከር ሠራተኞቹ ወደ ሥራ እንዲመለሱ ለምነው ነበር። ቅርንጫፉ አልሰማቸውም። እንግዲህ አባሎቹ አንድ ነገር ሲፈልጉ መሪዎቹ ሌላ የሚሹበት ማኅበር፣ ዛሬ በቍጣ ቢያሸንፍ ነገ በድካም ይሸነፋል። ስለዚህ ለውጡን ከራሳቸው ቅርንጫፍ ጀመሩ። በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ በተደረገው ምርጫ ሚስተር ሶምብሮቶ የ36ኛው ቅርንጫፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ከሌሎች ቅርንጫፎች ተራ አባሎች ጋርም ተባብረው ብሔራዊ የተራ አባሎች ንቅናቄ አቋቋሙ።

ንቅናቄው የጠየቀው ነገር እንደ አድማው የሚያስደነግጥ አይደለም። እንዲያውም የሚያንቀላፋ ዓይነት ነገር ነው። ውክልና ይቅር አሉ። ብሔራዊ መሪዎች በጉባኤ ሳይሆን በእያንዳንዱ አባል ቀጥተኛ ድምፅ ይመረጡ አሉ። ከአሠሪው ጋር የተደረገ ስምምነት ከመጽናቱ በፊት አባሎች ይፍረዱበት አሉ። አዲሱ የፖስታ ሕግም በአንድ በኩል ረዳቸው፤ ከዚያ በፊት የመንግሥት ሠራተኞችን ማኅበራት የማይነካው በ1959 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራት ሕግ ከእንግዲህ በፖስታ ማኅበራት ላይ እንዲሠራ አደረገ። በዚያ ሕግ የአንድ ቅርንጫፍ ሹማምንት ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ በምስጢር ድምፅ መመረጥ አለባቸው፤ አባልም የመናገርና ሒሳብ የማየት መብት አለው።

ክርክሩ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ እየተላለፈ ብዙ ዓመታት ወሰደ። በመጨረሻ ድምፁ በፖስታ ለእያንዳንዱ አባል የሚላክ ሆነ። መቼም ለፖስተኛ ማኅበር ከዚህ የተሻለ የድምፅ መስጫ አይገኝለትም! በ1978 ዓ.ም. በዚሁ አኳኋን በተደረገው ምርጫ ከስምንት ዓመት በፊት በበር ላይ ተሠልፈው የነበሩት ፖስተኛ ሶምብሮቶ የብሔራዊው ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኑ።

እንግዲህ አሁን ለለውጥ ፈላጊዎች ሁሉ አስቸጋሪ የሆነውን ጥያቄ ላንሣ። ሚስተር ሶምብሮቶ በዚያ ሥልጣን ላይ እስከ 2002 ዓ.ም. ቈዩ። ይህ ሃያ አራት ዓመት ገደማ ነው። ይህን እንዴት እንፍረደው? አንደኛው ወገን «በየጊዜው አባሎቹ ራሳቸው መረጡዋቸው፤ ሕዝብ የወደደውን ማን ይከለክላል?» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ሃያ አራት ዓመት የተቀመጠ ሰው፣ በጎ ቢሆንም፣ ወንበሩንና ራሱን መለየት ይሳነዋል፤ ጋዜጣው በእጁ ነው፣ ሹመቱ በእጁ ነው» ይላል። እኔ ለሁለተኛው ወገን አደላለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም፤ ያሠሩት በር ከእርሳቸው በኋላም ክፍት ሆኖ ቀርቷል። መልካም ለውጥ የሚታወቀው ለውጥ አምጪው ራሱ ሊሻርበት የሚችል በር ትቶ ሲሄድ ነው።

ለዚህ ማስረጃው ሩቅ አይደለም። የፖስተኞቹ ማኅበርና የፖስታ መሥሪያ ቤቱ በ2024 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ አንድ ስምምነት ላይ ደረሱ፤ የተሰጠው አጠቃላይ ጭማሪ በየዓመቱ 1.3 ከመቶ ነበር። የማኅበሩ መሪዎች ስምምነቱን ተቀብለው ለአባሎች አቀረቡ። በጃንዋሪ 2025 ዓ.ም. መጨረሻ ድምፁ ሲቈጠር ይቅርብን ያሉት 63,680፣ እንቀበለው ያሉት 26,304 ሆኑ። መሪዎች የፈረሙትን አባሎች ሻሩት ማለት ነው። ነገሩ ከዚያ በኋላ ወደ ገላጋይ ዳኛ ሄዶ በማርች ወር በተሰጠው ውሳኔ ጭማሪው 1.3፣ 1.4 እና 1.5 ከመቶ ሆነ። «ታዲያ ይህን ያህል ደክመው ያገኙት ፍርፋሪ ነው» የሚል ሊኖር ይችላል። በገንዘቡ በኩል ልክ ነው፤ እኔም ትልቅ ድል ነበር ብዬ አላታልላችሁም። ነገር ግን በመሪዎች ፊርማ ላይ ፍርድ የመስጠት መብት፣ ከ1970ዎቹ ስብሰባዎች የተወለደ ልጅ ነው። ዛሬም በየቅርንጫፉ ስብሰባው ክፍት ይሁን፣ ድርድሩ ከአባል አይደበቅ እያሉ የሚከራከሩ ፖስተኞች አሉ። ሥራው አላለቀም፤ እንዲህ ያለ ሥራም አያልቅም።

ለውጥን የሚቃወሙ ሰዎች በየትም አገር አንድ ዓይነት ክስ አላቸው። በ1970 ዓ.ም. ሚስተር ራድማከር በኒው ዮርክ ቅርንጫፍ ውስጥ «ስቱደንትስ ፎር ኤ ዲሞክራቲክ ሶሳይቲ» ከሚባለው የግራ ተማሪዎች ማኅበር የመጡ ሰዎች ሰርገው ገብተዋል ብለው ነበር። ጓደኞቼ፣ ተማሪ ምን ያልተባለበት ጊዜ አለ! ነገር ግን ክሱን በርጋታ እንመልከተው። በ6,176 ዶላር ቤተሰብ ለማስተዳደር የሚታገል ሰው ደመወዙ እንዳነሰ እንዲነግረው ከውጭ ሰው መቅጠር አያስፈልገውም። ጥያቄ ሲነሣ «ማን ነው የላከህ?» የሚል መሪ፣ መልስ እንዳጣ ራሱ መሰከረ ማለት ነው።

ሁለተኛው ክስ ከበድ ያለ ስለሆነ በአክብሮት ልመልሰው። «ማኅበሩን በግልጽ መንቀፍ አንድነቱን ያዳክማል፤ ጠላት ይደሰታል» ይባላል። ለዚህ የ36ኛው ቅርንጫፍ መልስ በቍጥር የተጻፈ ነው፤ 1,555 ለ1,055። በዚያ ምሽት በአዳራሹ ውስጥ ልዩነት ነበረ፤ በማግሥቱ በበር ላይ ግን አንድነት ነበረ። አንድነት የመጣው ልዩነቱ ስለተደበቀ ሳይሆን ስለተቈጠረ ነው። ያልተቈጠረ ልዩነት በየጓዳው ሐሜት ይሆናል፤ ሐሜት ደግሞ ከማናቸውም ጠላት ይልቅ ማኅበር ያፈርሳል።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚሆን ምን ትምህርት እንውሰድ? አራት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስብሰባ መምጣት። የኒው ዮርክ ፖስተኞች ማኅበራቸውን የለወጡት አዲስ ማኅበር በማቋቋም አልነበረም። በነበረው ማኅበር ስብሰባ ላይ በመገኘት ነው። ከእኛ መካከል ማኅበሩን በካፌ የሚያማ ብዙ ነው፤ በጠቅላላ ጉባኤ የሚገኘው ግን ጥቂት ነው። ወንበሩን ባዶ ትቶ የሄደ ሰው፣ ማን ተቀመጠበት ብሎ ለመጠየቅ አፉ አይደፍርም።

ሁለተኛ፣ ድምፅ በምስጢር ይሰጥ፣ በግልጽ ይቈጠር። የሰጪው ስም አይታወቅ፤ ቈጠራው ግን በሁሉ ፊት ይሁን። እኛ አብዛኛውን ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። እጃችንን በአደባባይ እናወጣለን፤ ቈጠራው ግን በጓዳ ያልቃል።

ሦስተኛ፣ የማኅበሩ ገንዘብ ለማን እንደሚወጣ አባል ይወቅ። የኪንግስብሪጅን ሰዎች አስታውሱ። ማኅበር ልቡ ያለው በካዝናው ነው። በንግግር ሁሉም ለተጎዳ ያዝናል፤ ሒሳቡን ገልጦ ያየ ግን እውነቱን ያገኛል። የመዋጮው ገቢና ወጪ በየሴሚስተሩ በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ብዬ ሐሳብ አቀርባለሁ።

አራተኛ፣ የምንመርጠውን ሰው የምናወርድበትን መንገድ ከመምረጣችን በፊት እንወስን። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረት ሹመትን እንደ ማዕድ የሚያይ ተረት ነው። ማኅበር ውስጥ ይህ ተረት እንዲሞት ከፈለግን፣ ጊዜው የተወሰነ ሹመትና ለጠያቂ የሚመልስ ሹም ያስፈልገናል። ሐቀኛ ሰው በመፈለግ ብቻ አንድንም። ሐቀኛውም ሰው ቢሆን ጠያቂ ሲያጣ ይደክማል።

በመካከላችሁ «ይህ ሁሉ ለትልቅ ማኅበር ነው፤ የእኛ የተማሪዎች ማኅበር ምን አለውና?» የሚል ካለ፣ ተቃራኒውን እነግረዋለሁ። ከዚህ ግቢ ወጥተን በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየፋብሪካው ስንበታተን የሠራተኛ ማኅበር አባል ወይም መሪ የምንሆን አለን። እዚህ በትንሹ ማኅበር ቃለ ጉባኤ ማንበብ የሰነፈ ሰው፣ እዚያ በትልቁ ማኅበር ሰውን ሊያስነብብ አይችልም። እዚህ የተሸነፈበትን ድምፅ በጸጋ መቀበል ያልተማረ፣ እዚያ ሥልጣን በያዘ ጊዜ የተሸነፈውን አያኖረውም።

ስለዚህ በንግግሬ መጨረሻ የማቀርበው ጥያቄ ለአመራሩ ብቻ አይደለም፤ ለሁላችንም ነው። በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሁለት ነገር በአጀንዳ እንዲያዝ እጠይቃለሁ፤ የምርጫው ድምፅ በወረቀት ሆኖ በአዳራሹ ውስጥ እንዲቈጠር፣ እንዲሁም የሒሳቡ ዘገባ ከስብሰባው ሁለት ሳምንት በፊት እንዲለጠፍ። በሐሳቡ የማይስማማ ካለ መጥቶ ይናገር፤ ልሸነፍም እችላለሁ። ብቻ ተቈጥሬ ልሸነፍ።

አሁን መድረኩ የጠያቂዎች ነው።